በር፣ ቃፊርና ደጀን፦ በዙር በሚሄዱ የጦር ጨዋታዎች ድንበር እየጠበቁ ጦርን ማንቀሳቀስ

ሐምሌ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ማታ ከቤት አያስወጣም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጠን ባትል ፎር ዌስኖዝ የሚባለውን የኮምፒውተር የጦር ጨዋታ የምንጫወተው በዚህ ወቅት ነው። አንድ ምሽት ዘጠኝ ባለ ጦሮች ገዝቼ በወንዙ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረደርኳቸው። በካርታው አሥራ ስምንት ቤት (ባለ ስድስት ጎን ቦታ) ርዝመት ያለው ድንበር ነው፤ አንድም ኦርክ (የጠላት ወገን ጭራቅ ወታደር) ሾልኮ የሚያልፍበት ክፍተት አልተውኩም። ወንድሜ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ትንሽ ከተመለከተ በኋላ «ወንድም ጋሼ፣ ይህ ጦር ነው ወይስ አጥር?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ኦርኮቹን ሁሉ በግራው ጫፍ አከማቸ። ሌሊት እስኪሆን ጠበቀና ሁለት ባለ ጦሮቼን ገደለ፤ ተኩላ ጋላቢዎቹ በተከፈተው ቦታ ገብተው ከኋላ የነበሩትን ሦስት መንደሮች ለቃቀሙ። በቀኝ ጫፍ የቆመው ጭፍራዬ እስኪደርስ አራት ዙር ፈጀ። አንድ ባለ ጦር 14 ወርቅ ነው፤ ዘጠኙ 126 ይሆናሉ። ከዘጠኙ ውጊያውን የቀመሱት ሦስት ብቻ ናቸው፤ በቀሩት ስድስት ያወጣሁት 84 ወርቅ ወንዝ ሲያይ አመሸ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተሸንፌ፣ ጥቂት ጊዜም አሸንፌ የደረስኩበትን ነው ከዚህ በታች የምጽፈው። ድንበር የሚጠበቀው መስመሩ ላይ በቆመው ጦር ብዛት ሳይሆን ጥቃቱ በመጣበት ቦታ በጊዜው በሚደርሰው ጦር ነው። አብዛኛውን ምሳሌ ከዌስኖዝ እወስዳለሁ፤ ነጻ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ደካማ ኮምፒውተርም ይችለዋል። በስልክ የምትጫወቱ ደግሞ ሲቪላይዜሽን 5 የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ሕግ ተከትሎ የተሠራውን አንሲቭን ታውቁት ይሆናል፤ የሚለይበት ቦታ ሲመጣ እጠቅሳለሁ።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር። በካርታው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ባለ ስድስት ጎን ቦታ እንደ ገበጣ «ቤት» እላታለሁ። አንድ ጭፍራ በአንድ ዙር የሚጓዝበትን አቅም «እርምጃ»፣ ከኋላ በተጠባባቂነት የሚቆየውን ጦር «ደጀን»፣ ከፊት ወጥቶ የሚቃኘውን «ቃፊር» እላለሁ። ጠላት ሊያልፍበት የሚችለው ጠባብ ቦታ «በር» ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ያለው ጣርማ በር ስሙን ያገኘበት በር።

አንደኛ፦ ድንበራችሁን በዙር ቁጠሩ

የመንዝ ገበሬ የመንገድ ርቀት ሲጠየቅ ኪሎ ሜትር አይጠራም፤ «ግማሽ ቀን ያስኬዳል» ይላል። ትክክለኛው መለኪያ ይኸው ነው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ሰውና አቀበቱን የሚመለስ ሰው ስለ አንዱ መንገድ ሁለት የተለያየ ነገር ይነግሯችኋል።

በዌስኖዝ ባለ ጦር በዙር 5 እርምጃ አለው። ሜዳ 1 እርምጃ ይበላል፤ ኮረብታና ጫካ 2፤ ተራራና ጥልቀት የሌለው ውኃ 3። ስለዚህ አምስት ቤት ሜዳ አንድ ዙር ሲሆን አምስት ቤት ጫካ ሦስት ዙር ነው። ጨዋታው እንደተጀመረ፣ አንድም ጭፍራ ሳትገዙ፣ ከድንበራችሁ አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ስንት ዙር እንደሚያስኬድ ቁጠሩ። ቀጥሎ ከዋናው ምሽጋችሁ እስከ ሁለቱም ጫፎች፤ በመጨረሻም ከጠላት ምሽግ እስከ እናንተ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፏቸው። እኔ በደብተር ጀርባ ነው የምጽፈው፤ ወንድሜ ይስቅብኛል፤ እሱ በቃሉ ይይዛቸዋል።

በእኔ ካርታ ከጫፍ ጫፍ አሥራ ስምንት ቤት ሜዳ፣ ማለትም አራት ዙር ነበር። ይህን ቁጥር ቀድሜ ባውቀው ኖሮ በቀኝ ጫፍ ያቆምኩት ሰው ለግራው ጫፍ የማይደርስ እንግዳ መሆኑ ይገባኝ ነበር።

ሁለተኛ፦ በሩንና ገደሉን ለዩ

ከአሥራ ስምንቱ ቤት ስምንቱ ጥልቅ ውኃ ነበሩ። ኦርክም ሆነ ባለ ጦር ጥልቅ ውኃ አይገባም። እኔ ግን ተፈጥሮ የዘጋውን ዳር በወርቅ ሳስጠብቅ ቆይቻለሁ። የቀረው በግራ በኩል ዘጠኝ ቤት የሚሰፋ መሻገሪያና በቀኙ ጫፍ አንድ ድልድይ ብቻ ነው። ድንበሩ ሲጣራ ሁለት በር ሆነ።

አንኮበር በደጋው ጫፍ፣ ቆላው ቁልቁል በሚታይበት ሸንተረር ላይ መቆሙ በአጋጣሚ አይደለም። ከአፋር በረሃ የሚመጣው ነጋዴና መልእክተኛ አቀበቱን ሳይወጣ ደጋው ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ የሸዋ ነገሥታት ገደሉን ሁሉ ማስጠበቅ አላስፈለጋቸውም፤ መውጫውን መያዝ በቂ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ከአንኮበር ሌላ ከደብረ ብርሃን በስተምዕራብ አንጎለላ ላይ ሁለተኛ መቀመጫ ነበራቸው፤ አንዱ በበሩ አፍ፣ ሌላው በደጋው መሃል።

በር ስትመርጡ እናንተ የምትቆሙበትን ብቻ ሳይሆን ጠላት ቆሞ የሚዋጋበትንም ቤት እዩ። ይህን ብዙ ጀማሪ ይዘለዋል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ዘልዬዋለሁ። በዌስኖዝ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ የቆመ ኦርክ የመከላከል ዕድሉ 20 በመቶ ነው፤ ማለትም ከመቶ ምት ሰማንያው ያገኘዋል። ሜዳ ላይ ከሆነ ስድሳው ነው የሚያገኘው። የእናንተ ባለ ጦር በመንደር ውስጥ ከሆነ 60 በመቶ ይከላከላል፤ ከመቶ አርባው ብቻ ያርፍበታል።

ሒሳቡን እንሥራው። ባለ ጦር በአንድ ግጥሚያ ሦስት ጊዜ ይወጋል፤ እያንዳንዷ 7 ጉዳት ታደርሳለች። ውኃ ውስጥ ያለውን ኦርክ በአማካይ 2.4 ጊዜ ያገኘዋል፤ 17 ገደማ ጉዳት ነው። ኦርኩ ሁለት ጊዜ በ9 ይመታል፤ መንደር ውስጥ ያለውን ሰው በአማካይ 0.8 ጊዜ ብቻ ስለሚያገኘው ጉዳቱ 7 ገደማ ነው። ሁለቱም ሜዳ ላይ ቢጋጠሙ ግን የእናንተ 13 ያህል፣ የእሱ 11 ያህል ይሆናል። ሰውዬው ያው፣ ጦሩም ያው ነው፤ የተለወጠው ቤቱ ብቻ ነው።

በሲቪላይዜሽን 6 ያለው ሕግም ከዚህ አይርቅም፦ በወንዝ ላይ ተሻግሮ የሚያጠቃ ይቀጣል፤ ኮረብታ ላይ የቆመ ይጠቀማል፤ ተመሽጎ ሁለት ዙር የቆየም ተጨማሪ ብርታት ያገኛል።

ሦስተኛ፦ ቃፊሩን አስቀድሙ

ዌስኖዝን ጉሙ (ጦራችሁ የማያየውን የካርታ ክፍል የሚሸፍነው) በርቶ ከተጫወታችሁ፣ አንድ ጭፍራ የሚያየው በሚቀጥለው ዙር ሊደርስበት የሚችለውን ቦታና ከዚያ አንድ ቤት ያለፈ ነው። ባለ ጦር በሜዳ 6 ቤት ያያል። ተኩላ ጋላቢ በዙር 8 እርምጃ አለው። እንግዲህ ድንበሩ ላይ የቆመው ጠባቂያችሁ ጠላትን የሚያየው ጠላት አንገቱ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

ፈረሰኛ 8 እርምጃ ስላለው በሜዳ 9 ቤት ያያል። አንዱን ከወንዙ ስድስት ቤት ወደ ፊት አውጡት፤ አሁን ከወንዙ 15 ቤት ድረስ ይታያችኋል። እግረኛ ኦርክ ያንን መንገድ በሦስት ዙር፣ ተኩላ ጋላቢ በሁለት ይጨርሰዋል። ይህ የማስጠንቀቂያ ጊዜያችሁ ነው። በአንሲቭና በሲቪላይዜሽን 5 አብዛኛው ጭፍራ ሁለት ቤት ብቻ ስለሚያይ ቃፊር ከሌላችሁ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለም፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቁሙት።

ቃፊር አይዋጋም። ጠላትን ካየ በዚያው ዙር ይመለሳል። ወንድሜ በዚህ ደካማ ነው፤ አንድ የቆሰለ ኦርክ ሲያይ ይጓጓና ፈረሰኛውን ያዋጋዋል፤ ከዚያ ፈረሰኛውን አጥቶ ዓይን አልባ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛ፦ ደጀኑን ከፋፍላችሁ አታባክኑት

ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ። ዘጠኙን ጭፍራ እንደገና ልደልድል። በዘጠኝ ቤቱ መሻገሪያ ሦስት፣ በድልድዩ አንድ፣ ከፊት አንድ ፈረሰኛ ቃፊር። የቀሩት አራት መሃል ላይ፣ ከወንዙ ትንሽ ገባ ብለው፣ በአንድነት ይቆማሉ። ከዚያ ቦታ እስከ ድልድዩም ሆነ እስከ መሻገሪያው ሩቅ ጫፍ ዘጠኝ ቤት ቢሆን ነው፤ ሁለት ዙር።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች አነጻጽሩ። እግረኛ ኦርክ በሦስት ዙር ይደርሳል፤ ደጀኑ በሁለት። አንድ ዙር ትርፍ አለ፤ በእሷ የተሻለውን ቤት መርጣችሁ ትቆማላችሁ። ተኩላ ጋላቢ በሁለት ይደርሳል፤ ደጀኑም በሁለት። እዚህ ትርፍ ስለሌለ የበሩ ጠባቂ ብቻውን አንድ ዙር መቋቋም አለበት። ድልድዩ ላይ ያለው ሰው መንደር ውስጥ ወይም ኮረብታ ላይ ከሆነ ይችላል፤ ሜዳ ላይ ከሆነ አይችልም። ሕጉ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ የማስጠንቀቂያው ዙር ከደጀኑ የጉዞ ዙር ቢያንስ በአንድ ይብለጥ፤ ካልበለጠ ወይ ቃፊሩን ወደ ፊት አውጡ፣ ወይ ደጀኑን አስጠጉ፣ ወይ የበሩን ጠባቂ አጠናክሩ። በዚሁ ቅደም ተከተል ሞክሩ፤ የመጀመሪያው ወርቅ አያስወጣም።

ወርቅ ካነሳን አይቀር፦ በዌስኖዝ እያንዳንዱ ጭፍራ በደረጃው መጠን ቀለብ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ መንደር ደግሞ የአንድ ደረጃ ቀለብ ይችላል። ከመንደሮቻችሁ በላይ ጭፍራ ካበዛችሁ በየዙሩ ከገቢያችሁ ይቆረጣል። ድንበሩን በሰው ብዛት መሙላት ሁለት ጊዜ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው፤ ሲገዛ አንድ፣ ሲቀለብ ሌላ።

የጥንቱ ማዕረጋችን ራሱ የሰልፍ ካርታ ነው። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፤ መሃል ሰፋሪ ደግሞ በንጉሡ ዙሪያ የሚሰፍረው ጦር። የሲቪላይዜሽን 5 አዘጋጆች ኢትዮጵያን በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ማስፋፊያ ሲያስገቡ ልዩ ጦሯን «መሃል ሰፋሪ» ብለውታል። ለዋና ከተማው ሲቀርብ ብርታቱ ይጨምራል፤ ሲርቅ ይቀንሳል። ይህን ጦር ይዘው ሩቅ አገር የሚዘምቱ ተጫዋቾች አይቻለሁ፤ ስሙን ማንበብ በቂያቸው ነበር።

አምስተኛ፦ በክፍተት ዝጉ

ሦስት ሰው ዘጠኝ ቤት እንዴት ይዘጋል? በዌስኖዝ እያንዳንዱ ጭፍራ በዙሪያው ያሉትን ስድስት ቤቶች ይቆጣጠራል፤ ጠላት ከእነርሱ አንዱን ሲረግጥ የቀረው እርምጃ ያልቅና እዚያው ይቆማል። ስለዚህ በሁለት ጭፍሮች መካከል ሁለት ባዶ ቤት ብትተዉ፣ አንዱን ቤት የቀኙ፣ ሌላውን የግራው ይይዘዋል። በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በስምንተኛው ቤት ላይ አቁሟቸው፤ ዘጠኙም ተያዘ። ጠላት በክፍተቱ ሊገባ ይችላል፤ ግን በሁለት ጦር መሃል፣ ውኃ ውስጥ ቆሞ ያመሻል።

የሚያመልጡም አሉ። ደረጃቸው ዜሮ የሆኑ ጭፍሮች ምንም አይቆጣጠሩም፤ በእነሱ በር አትዝጉ። ሸማቂ የሚባለው ችሎታ ያላቸው ደግሞ ቁጥጥሩን አያውቁትም፤ እንደ ውኃ ሾልከው ያልፋሉ። በሲቪላይዜሽን 6 ፈረሰኛ እንዲሁ ያልፋል። በሲቪላይዜሽን 5ና በአንሲቭ ግን ጠላት በክፍተቱ ውስጥ የሚቆመው ከአንድ የተያዘ ቤት ወደ ሌላ የተያዘ ቤት ሲሻገር ስለሆነ ክፍተቱን ጠበብ አድርጉ።

ስድስተኛ፦ በአንድ ዙር ውስጥ ማን ይቅደም

ብዙ ሽንፈት የሚመጣው ከመጥፎ እቅድ ሳይሆን ጭፍሮችን በተሳሳተ ቅደም ተከተል ከማንቀሳቀስ ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ የማደርገውን ላሳያችሁ። በመጀመሪያ ቃፊሩን፤ ያየው ነገር የሌላውን ሁሉ እቅድ ሊለውጥ ይችላል። ሁለተኛ ከሩቅ የሚመቱትን፣ ቀስተኞችን። እነሱ ጠላትን ሲያደክሙ የባለ ጦሩ ሥራ ይቀላል፤ ከገደሉትም ባለ ጦሩ ከቦታው አይነቃነቅም። ሦስተኛ የበር ጠባቂዎቹን፤ የቆሰለው ወደ ኋላ ወጥቶ ትኩሱ ይተካዋል። የቆሰለው በመንደር ካደረ በዙር 8 ነጥብ ይድንለታል፤ ያለ መንደር ምንም ሳይሠራ ቢያርፍ 2 ብቻ። ስለዚህ ከበሩ በአንድ ዙር ርቀት የሚገኝ መንደር ሆስፒታላችሁ ነውና ለጠላት አትልቀቁት።

ደጀኑ መጨረሻ ይንቀሳቀሳል። ምን ጊዜም። ሁሉ ነገር ከታየ፣ ሁሉ ምት ካረፈ በኋላ የት እንደሚያስፈልግ ይታወቃል። መጀመሪያ ካንቀሳቀሳችሁት በግምት ነው የምታዙት።

ጠላት ከመታየቱ በፊት ያሉት ዙሮች የተለዩ ናቸው። ሰንጠረዥ በሚባለው የአገራችን ጥንታዊ የቼዝ ዓይነት «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ባሻቸው መጠን ይደረድራሉ፤ ዓይናቸው ከራሳቸው ይልቅ በባላጋራቸው አሰላለፍ ላይ ነበር። እናንተም እነዚያን ዙሮች የመጨረሻ ቦታ ለመያዝ አትቸኩሉባቸው፤ ቃፊሩ ወሬ እስኪያመጣ ጦሩን መሃል አቆዩት።

ሰባተኛ፦ ሰዓቱን ተመልከቱ

ይህ ለዌስኖዝ ብቻ ነው። ቀኑ ስድስት ዙር አለው፦ ንጋት፣ ረፋድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ምሽትና ሁለት የሌሊት ዙሮች። እንደ ባለ ጦር ያሉት በሁለቱ የቀን ዙሮች ጉዳታቸው በ25 በመቶ ይጨምራል፤ በሁለቱ የሌሊት ዙሮች በዚያው ያህል ይቀንሳል። ኦርክ ተቃራኒው ነው። ሌሊት የባለ ጦሩ 7 ወደ 5 ይወርዳል፤ የኦርኩ 9 ወደ 11 ይወጣል። ያ የወንዝ ዳር ሒሳብ 17 ለ7 የነበረው 12 ለ9 ይሆናል። አሁንም ያዋጣል፤ ሜዳ ላይ ግን 9 ለ13 ትሸነፋላችሁ።

ስለዚህ ምሽት ሲሆን ከበሩ ፊት ያለውን ጭፍራ ሁሉ ወደ መንደርና ኮረብታ መልሱ፤ ሁለቱን የሌሊት ዙሮች ተቀምጣችሁ አሳልፉ። ደጀኑን የምታወጡት ንጋት ላይ ነው፤ ረፋድና ከሰዓት በኋላ ሁለት ሙሉ ዙር እንዲመቱላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ዘጠኙን አሰልፌ ሌሊት ስጠብቅ፣ ወንድሜ ሌሊቱን ይዞ መጣ።

ስምንተኛ፦ ማሳደድ

አጭር ነው። የሸሸ ጠላት ከበሩ አንድ ዙር ርቀት በላይ አይከተሉትም። ደጀኑ ከሁለቱም በር ሁለት ዙር መሆኑን ካጣ ደጀን መሆኑ ቀርቷል። ለመግፋት ከወሰናችሁ ሙሉ በሙሉ ግፉ፤ በሩንና መሃሉን አዛውራችሁ አዲሱን ድንበር እንደገና ከአንደኛው ነጥብ ጀምራችሁ ቁጠሩ።

በአንሲቭና በሲቪላይዜሽን 5 ይህን የሚያቀልለው መንገድ ነው። በመንገድ ላይ ጉዞ በግማሽ ይቀልላል፤ ሁለት ዙር የነበረው አንድ ይሆናል። እያንዳንዱ የመንገድ ቤት ግን በየዙሩ አንድ ወርቅ ስለሚበላ ከመሃል ወደ በሮቹ ብቻ ሥሩ። በድንበሩ ርዝመት የሚዘረጋ መንገድ ጠላትንም ያገለግላል።

ባለፈው ሳምንት በዚያው ካርታ እንደገና ገጠምን። ሦስት በመሻገሪያው፣ አንድ በድልድዩ፣ አራት መሃል። ወንድሜ በሁለተኛው ሌሊት መሻገሪያው ላይ ስድስት ኦርክ አስገባ፤ ንጋት ላይ አራቱ ደጀኖቼ ደርሰው ነበር። ሦስቱን ውኃ ውስጥ እንደቆሙ ገደልኳቸው፤ አራተኛውን ልመታ ስል መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ዌስኖዝ በየዙሩ በራሱ ስለሚያስቀምጥ ነገሩ አላሳሰበኝም፤ ወንድሜ ግን በጨለማው ውስጥ ብርድ ልብሱን እየሳበ፣ የተቀመጠው የተራዬ መጀመሪያ ነው፣ የሞቱት ኦርኮች ተመልሰው ይነሳሉ እያለ ይስቃል። ልክ ነው፤ ይነሳሉ። ውኃው ውስጥ ግን እንደቆሙ ናቸው።